አንድ ስብሰባ በሦስት ጽሕፈት፤ የኪው ቤተ መዛግብት የካቢኔ ሰነዶች አገልግሎት ሲገመገም

በለንደን ምዕራባዊ ዳርቻ ኪው በተባለው ሰፈር የሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለአንባቢ ብዙ ዓይነት አገልግሎት ይሰጣል፤ ይህ ግምገማ የሚመለከተው ግን አንዱን ብቻ ነው። እርሱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቅኝ ግዛቶች፣ በተለይም ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ወደ ብሪታንያ ስለገቡ ሰዎች ሚኒስትሮች በዝግ ስብሰባ የተከራከሩባቸውን የካቢኔ ሰነዶች ለማንኛውም ሰው የሚያስነብበው አገልግሎት ነው። ለጥቂት ወራት በኢንተርኔት፣ ለጥቂት ቀናት ደግሞ በንባብ ክፍሉ በአካል ተገኝቼ ተጠቅሜበታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተያየቴን ከወዲሁ ለመናገር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ቁም ነገር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ስለ ጉዳዩ የተጻፉትን ትንታኔዎች ከማገላበጡ በፊት ወደዚህ አገልግሎት ቢመጣ ይሻለዋል እላለሁ። ምክንያቴም ሰነዶቹ በነፃ መገኘታቸው ብቻ አይደለም። አገልግሎቱ የአንድን ስብሰባ ሦስት መልክ፣ ማለትም ለውይይት የቀረበውን ጽሑፍ፣ ተስማሙበት ተብሎ የተመዘገበውንና በእርግጥ ከአፋቸው የወጣውን፣ ጎን ለጎን አድርጎ ስለሚያቀርብ ነው። ክርክሩ ምን ይመስል እንደነበር የሚታየው በእነዚህ በሦስቱ መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው።

በአካል መሄድ የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ጥቂት ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ዋናውን ሰነድ በእጅ ለማየት የአንባቢ ካርድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ማንነትንና የመኖሪያ አድራሻን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ይጠየቃሉ። ቦርሳና ካፖርት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ወደ ንባብ ክፍሉ የሚገባው እርሳስ፣ ወረቀት፣ ላፕቶፕና ካሜራ ሲሆን፣ እነርሱም ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ ከረጢት ተይዘው ነው። እስክርቢቶ ፈጽሞ ክልክል ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን በደረት ኪሴ የረሳሁትን እስክርቢቶ ይዤ እስከ በሩ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ጥፋቱ የራሴው ነው። ቀለም እንዳይገባ በተከለከለበት ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳነብ የዋልሁት ስለ ሰው ልጅ ቀለም የተጻፈ ወረቀት መሆኑን ያስተዋልሁት ግን ወደ ማታ ነበር። የታዘዘው ሰነድ በወንበርዎ ቁጥር በተሰየመ ባለ መስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥልዎታል፤ ፎቶ ማንሳትም ያለ ክፍያ ይፈቀዳል።

ይሁን እንጂ የካቢኔ ሰነዶችን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጉዞው የግድ አይደለም። ከ1945 በኋላ ያሉት ዋና ዋናዎቹ ስብስቦች በዲጂታል ተቀድተው ከቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳሉ። ስብስቦቹን መለየት ግን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዱን ብቻ አንብቦ የሚያቆም ሰው ሙሉውን ታሪክ ያወቀ ሊመስለው ይችላል። ካብ 129 በሚል መለያ (ካብ ካቢኔ ለሚለው ቃል አሕጽሮት ነው) የተቀመጠው ሚኒስትሮች ከስብሰባው በፊት ለባልደረቦቻቸው የሚያሰራጩት ማስታወሻ ነው። ካብ 128 የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ነው። ካብ 195 ደግሞ የካቢኔው ጸሐፊ ሰዎቹ ሲናገሩ እየሰማ በአሕጽሮት የሞነጫጨረው የእጅ ማስታወሻ ሲሆን፣ ለሕዝብ መከፈት የጀመረው ገና በ2006 ነው። ቃለ ጉባኤ ይዞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በስብሰባ የተባለውና በመዝገብ የሰፈረው አንድ እንዳልሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። የብሪታንያ ካቢኔ ቃለ ጉባኤ በዚህ ረገድ ወደር የለውም፤ ማን ምን እንዳለ ብዙ ጊዜ አይገልጽም፤ «በውይይቱ የሚከተሉት ነጥቦች ተነሡ» ብሎ ሐሳቡን ባለቤት አልባ አድርጎ ያልፋል።

የ1948ቱን ነገር እንውሰድ። ከካሪቢያን ሰዎችን ያሳፈረችው ኤምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ሰኔ 21 ቀን 1948 ቲልበሪ ወደብ ደረሰች፤ መንገደኞቿ በማግስቱ ወረዱ። በጦር ሠራዊት መኝታ ክፍል የሚጓዝ ሰው ከጃማይካ ለመምጣት የከፈለው 28 ፓውንድ ነበር። የመንገደኞቹ መዝገብ በኪው ቢ.ቲ. 26/1237 በሚል ቁጥር ይገኛል፤ በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ላይ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ይህ ነው። በታይፕ የተመታ ሰንጠረዥ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ በብሪታንያ የሚያርፉበት አድራሻ፣ ሥራ፣ መጨረሻ የኖሩበት አገር እያለ በዓምድ በዓምድ ይወርዳል። ከ1,027 መንገደኞች መካከል 802ቱ መጨረሻ የኖርንበት ያሉት አገር ከካሪቢያን አገሮች አንዱ ነው። በሥራ ዓምድ አናጢ፣ መካኒክ፣ ልብስ ሰፊ፣ በያጅ እያለ ይቀጥላል።

በዚያው መዝገብ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መርከቧ በሜክሲኮ በኩል ስታልፍ ያሳፈረቻቸው 66 ፖላንዳውያን አሉበት። እነዚህ የብሪታንያ ተገዥዎች አልነበሩም፤ ይሁን እንጂ በ1947 የወጣው የፖላንዳውያን ማስፈሪያ ሕግ መንግሥት የፖላንድ ወታደሮችንና ቤተሰቦቻቸውን ተቀብሎ እንዲያቋቁም ስላስገደደው ወደ አገሪቱ የሚመጡት በታቀደ መንገድ ነበር። የብሪታንያ ፓስፖርት የያዙት ጃማይካውያን ግን «ያልተደራጀ መምጣት» ተብለው ለካቢኔ አጀንዳ ሆኑ። መርከቧ ከመድረሷ 3 ቀን በፊት፣ ሰኔ 18፣ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ አርተር ክሪች ጆንስ ሲ.ፒ. (48) 154 የሚል ቁጥር ያለውን ማስታወሻ ለካቢኔ አቀረቡ። ርዕሱ «የሥራ አጥ ጃማይካውያን ወደ ዩናይትድ ኪንግደም መምጣት» ይላል። ስለ ፖላንዳውያኑ የቀረበ እንዲህ ያለ ርዕስ የለም፤ መርከቧ ግን ያው አንዷ መርከብ ናት።

ማስታወሻው የተጻፈበት ድምፅ የተከሳሽ ድምፅ ነው። ሚኒስትሩ ጉዞውን መሥሪያ ቤታቸውም ሆነ የጃማይካ መንግሥት እንዳላደራጀው፣ እንዳላበረታታውም፣ ይልቁንም ለማስቀረት የሚቻለው ሁሉ እንደተደረገ ያስረዳሉ። ከዚያ በኋላ ለሚቀጥሉት 14 ዓመታት የሚያከራክረውን ነጥብ በጥቂት መስመር ያስቀምጣሉ፤ ሰዎቹ የብሪታንያ ተገዥዎች ስለሆኑ የጃማይካ መንግሥት በሰላም ጊዜ እንዳይወጡ ሊከለክላቸው፣ የዩናይትድ ኪንግደም መንግሥትም እንዳይወርዱ ሊያግዳቸው ሕጋዊ ሥልጣን የለውም። እዚህ ላይ አንባቢ ቀኖቹን ቢያስተያይ ይጠቀማል። አዲሱ የብሪታንያ ዜግነት ሕግ ሐምሌ 30 ቀን 1948 ጸድቆ ጥር 1 ቀን 1949 በሥራ ላይ ሲውል «የዩናይትድ ኪንግደምና የቅኝ ግዛቶች ዜጋ» የሚል አንድ ወጥ ዜግነት አቋቁሟል፤ ዊንድረሽ የደረሰችው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ የመጡት በአዲሱ ሕግ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም፤ የመጡት ሕጉ እንደ አዲስ በጻፈው ነባር መብት ነው።

መርከቧ መንገደኞቿን ባወረደችበት ዕለት 11 የሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባላት ለጠቅላይ ሚኒስትር ክሌመንት አትሊ ደብዳቤ ጽፈው ቁጥጥር እንዲደረግ ጠየቁ። አትሊ ሐምሌ 5 በሰጡት መልስ የብሪታንያ ተገዥ የሆነ ሁሉ፣ ዘሩና ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ በነፃነት መግባቱ በቀላሉ የሚጣል ልማድ እንዳልሆነ ገለጹ። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ እየተጠቀሰ የአትሊን መንግሥት ሲያስመሰግን ይኖራል። ሆኖም መርከቧ ገና ሳትደርስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ትዞርና ሰዎቹ በዚያ በተጀመረው የኦቾሎኒ እርሻ ይሠሩ ይሆን የሚል ሐሳብ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ተነሥቶ ነበር። በአደባባይ የተጻፈውን ደብዳቤ ከውስጡ ወረቀት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማንበብ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥቅም ነው የምለው ስለዚህ ነው።

የ1950 እና የ1951 ወረቀቶች ደረቅ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ሰነድ ከውስጣቸው መዝለል አይቻልም። ካቢኔው በሰኔ 1950 በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቹተር ኢድ የሚመራ የሚኒስትሮች ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው በየካቲት 1951 ባቀረበው ሪፖርት ለጊዜው ከቅኝ ግዛቶች የሚመጡትን የሚገድብ ሕግ ማውጣት አያስፈልግም አለ። መልሱ ለስላሳ ይመስላል። ምክንያቱን ሲያብራራ ግን በግልጽም ሆነ በስውር ቀለምን መለኪያ የሚያደርግ መፍትሔ እጅግ የሚያስነቅፍ ስለሚሆን ተቀባይነት እንደማይኖረው ካስረዳ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ሥልጣን ቢወሰድ ግን በተግባር የሚውለው ይብዛም ይነስ በባለ ቀለም ሰዎች ላይ ብቻ እንደሚሆን አክሎ ጽፏል። እንግዲህ ኮሚቴው የተወው ክልከላውን በመቃወም ሳይሆን ለክልከላው የሚሆን አነጋገር ስላላገኘ ነው። አነጋገሩ እስኪገኝ 11 ዓመት ፈጅቷል።

የአገልግሎቱ ዋጋ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው የካቲት 3 ቀን 1954 በተደረገው ስብሰባ ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ፣ ጸሐፊው ኖርማን ብሩክ ናቸው። በካብ 128 የሚገኘው ቃለ ጉባኤ የቸርችልን ሐሳብ ረጋ ባለ አገላለጽ ያስቀምጠዋል፤ የመገናኛ መንገዶች በፍጥነት መሻሻል የሚመጡትን ሰዎች ቁጥር እያበዛ እንደሚሄድ፣ መኖራቸውም ይዋል ይደር እንጂ በብዙው ሕዝብ ዘንድ ቅሬታ እንደሚያሳድር፣ ነገር ግን ችግሩ መንግሥት በቂ እርምጃ ለመውሰድ የሚያስችለውን ያህል ገና አልገዘፈ ይሆናል የሚል ነው። ይህን ያነበበ ሰው ጠንቃቃ መሪ ሊታየው ይችላል።

ከዚያ ካብ 195/11 ይከፈታል። ብሩክ የሚጽፈው አናባቢ እየጣለ፣ ቃል እየቆረጠ ነው፤ ደግነቱ ቤተ መዛግብቱ ጽሑፉን አስፈትቶ በታይፕ አዘጋጅቶታል። እዚህ ቸርችል በዩናይትድ ኪንግደም የቀለም ችግርን በጫንቃችን ላይ እንሸከም ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰዎቹን የሚስባቸው የማኅበራዊ ድጎማው ሥርዓት መሆኑን፣ ነገሩ ከአንድ ወሰን ካለፈም ሕዝቡ እንደማይታገሥ ይናገራሉ። ቀጥሎም እርምጃ ከመውሰድ በፊት የሕዝቡ ስሜት ጥቂት እንዲበረታ መተው ብልኅነት አይሆን ይሆን ይላሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳነብ እርሳሴን አስቀምጬ ወደ ቃለ ጉባኤው ተመለስሁና በዚያ የቀረችውን ጥላዋን ፈለግሁ፤ «ችግሩ ገና አልገዘፈ ይሆናል» የምትለዋ ናት። በአንዱ ወረቀት ላይ ትዕግሥት የሚመስለው በሌላው ላይ ቂም እስኪበስል መጠበቅ ሆኖ ይገኛል።

ማክስዌል ፋይፍም ከዚሁ ማስታወሻ ላይ ይበልጥ ግልጽ ናቸው። የባለ ቀለሙ ሕዝብ ቁጥር ከጦርነቱ በፊት ከነበረው 7,000 ወደ 40,000 ማደጉን ጠቅሰው፣ የማይረቡትን ለመከልከል በራሱ በቂ ምክንያት መኖሩን፣ ነገር ግን ነገሩ የቀለም ገደብ ተደርጎ እንደሚታይና ይህም የመሐል ሰፋሪ መራጮችን፣ ማለትም የቀድሞ የሊበራል ደጋፊዎችን፣ እንደሚያስቀይም ያስረዳሉ። ሰዎቹን የሚጠሏቸው በሊቨርፑል፣ በፓዲንግተንና በሌሎችም አካባቢዎች አብረዋቸው የሚኖሩት እንደሆኑ፣ የማያገኟቸው ደግሞ ለዘብተኛ አስተያየት እንደሚይዙ ያክላሉ። ለእኔ የገረመኝ የሐሳቡ ክፋት ሳይሆን የሒሳቡ እርጋታ ነው፤ ስንት ድምፅ ይጎድላል ስንት ይገኛል የሚል የምርጫ ስሌት እንጂ መብት የሚል ቃል የሚነሣው እንደ ልማድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢን ከከንቱ ልፋት ለማዳን አንድ ነገር ልጠቁም። «እንግሊዝ ነጭ ትሁን» የሚል መፈክር ቸርችል ለምርጫ ጥሩ ነው ብለዋል የሚባለውን ፈልጎ የካቢኔ ሰነዶችን የሚያስስ ሰው አያገኘውም። ምንጩ በቸርችል ካቢኔ ሚኒስትር የነበሩት ሃሮልድ ማክሚላን ጥር 20 ቀን 1955 በግል የቀን ማስታወሻቸው ላይ ያሰፈሩት ሲሆን፣ የቀን ማስታወሻው የሚገኘው በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። በሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች የጻፉት ሁሉ ኪው አይገባም።

በ1955 ቁጥሩ ጨመረ። የአሜሪካ መንግሥት በ1952 ባወጣው የማካራን ዋልተር ሕግ ከጃማይካና ከሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች የሚቀበለውን በየዓመቱ በ100 ሰው ስለወሰነው፣ ወደዚያ ይሄድ የነበረው ሰው ፊቱን ወደ ብሪታንያ አዞረ። በ1953 ከካሪቢያን የመጡት 2,000 ገደማ ሲሆኑ በ1955 ወደ 27,500 ደረሱ። ቸርችልን የተኩት የአንቶኒ ኢደን መንግሥት የሚመጡትን የሚገድብ ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ፤ ኅዳር 3 ቀን 1955 የተያዘው ቃለ ጉባኤም በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት የሚጣሉ ሐሳቦችን አስፍሮ ይገኛል። በአንድ በኩል ከቅኝ ግዛቶች የሚመጣው ሰው የሠራተኛ እጥረትን የሚያቃልል መልካም ነገር ነው ይላል፤ በሌላ በኩል እንዲሁ ከቀጠለ የእንግሊዝ ሕዝብ የዘር ባሕርይ በጊዜ ብዛት ሊለወጥ ይችላል የሚል ስጋት ተመዝግቧል። የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ አለን ሌኖክስ ቦይድ ካሪቢያኖችን ብቻ ለይቶ የሚመታ ሕግ አጥብቀው በመቃወማቸው ረቂቁ ወደ መሳቢያ ተመለሰ፤ ጉዳዩም በሎርድ ኪልሚዩር ለሚመራ ኮሚቴ ተላለፈ። ኪልሚዩር ማለት የማዕረግ ስም ተጨምሮላቸው የመጡት እነዚያው ማክስዌል ፋይፍ ናቸው፤ ሰነዶቹን በተከታታይ የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ ሁለት ሰው ይመስሉታል።

ከ1956 እስከ 1960 ያለውን ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል። በ1958 በበጋው መጨረሻ በኖቲንግሃምና በለንደኑ ኖቲንግ ሂል የተነሣው ሁከት ካቢኔውን ቢያስደነግጠውም ወዲያው ሕግ አላስወጣውም፤ የሚመጣው ሰው ቁጥርም በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው ቀንሶ ነበር። በ1960 ግን ከካሪቢያን ብቻ ወደ 50,000፣ በ1961 ደግሞ 66,000 ገደማ ሰዎች መጡ። ሕግ ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ ራሱ ሰውን አጣድፎታል።

በስብስቡ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዳነብ ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ከጥቅምት 1961 ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ራብ በትለር ለካቢኔ ባቀረቡት ሲ. (61) 153 የሥራ ፈቃድ ወረቀት ዕቅዱን ሲያስረዱ፣ የዕቅዱ ትልቅ ብልጫ በዘርና በቀለም ልዩነት የማያደርግ መስሎ መቅረብ መቻሉ እንደሆነ፣ ነገር ግን ገዳቢነቱ የታሰበውም በተግባር የሚያርፈውም ከሞላ ጎደል በባለ ቀለም ሰዎች ላይ ብቻ መሆኑን ጽፈዋል። በ1951 ኮሚቴው ያጣው አነጋገር ይኸውና ተገኘ፤ ሥራ። አመልካቾች በሦስት ተከፈሉ፤ ሀ አስቀድሞ የተወሰነ ሥራ ያገኘ፣ ለ ተፈላጊ ሙያ ያለው፣ ሐ ሌላው ሁሉ። ወረቀቱን የሚሰጠው የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው።

ከዚህ ሰነድ ጎን የፓርላማው የውይይት መዝገብ ይነበብ፤ እርሱም በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ኅዳር 16 ቀን 1961 ይህን ዕቅድ በያዘው ረቂቅ ሕግ ሁለተኛ ንባብ ላይ የሌበሩ መሪ ሂው ጌትስኬል ሕጉን ጨካኝና አረመኔያዊ ፀረ ቀለም ሕግ ብለው አወገዙት። መንግሥት በበኩሉ ሕጉ ቀለም አይለይም ሲል ቆመ። የበትለርን ማስታወሻ ያነበበ ሰው ጌትስኬል የካቢኔውን ወረቀት ሳያዩ ምሥጢሩን እንደነኩት ይገባዋል። ከሁሉ ያዳከመው የመንግሥትን ክርክር የአየርላንድ ነገር ነው፤ አየርላንዳውያን በሕጉ ፊደል ቢካተቱም በተግባር ቁጥጥሩ አልደረሰባቸውም፤ እነርሱ ደግሞ ከኮመንዌልዝ፣ ማለትም ከብሪታንያና ከቀድሞ ግዛቶቿ ማኅበር፣ የወጣ አገር ዜጎች ናቸው። ሕጉ ሚያዝያ 18 ቀን 1962 ጸድቆ ሐምሌ 1 ቀን በሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የመጀመሪያው በፍለጋው በኩል ነው። ካታሎጉ የሚያውቀው ሰነዶቹ የተጻፉበትን ዘመን ቃል እንጂ የዛሬውን አይደለም። ዛሬ እኛ «ዘረኝነት» ወይም «ጥቁር ብሪታንያውያን» ብለን የምንፈልገውን ጉዳይ የሚያገኘው የዘመኑን የቢሮ ቃል «ባለ ቀለም ሠራተኞች» የሚለውን የእንግሊዝኛ አነጋገር የሚጽፍ ሰው ነው። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዶ ገጽ ሳይ ቆይቻለሁ። ዓመቱን ከዘመኑ ቃል ጋር አጣምሮ መጻፍ ይበጃል።

ሁለተኛው ካቢኔው ያልተነጋገረበት ነገር በካቢኔ ሰነድ አለመገኘቱ ነው፤ ግልጽ ቢመስልም ቶሎ ይረሳል። ከ1962 በፊት በሕግ ያልተከለከለው ነገር በአስተዳደር መንገድ ሲከለከል ኖሯል። በአንዳንድ ቅኝ ግዛቶችና አገሮች ፓስፖርት ማዘግየት፣ መርከብ ላይ ተደብቀው ስለሚመጡ ሰዎች ጥብቅ ምርመራ ማድረግ፣ በሥራና በመኖሪያ ቤት እጥረት ማስፈራራት የመሳሰሉት የሚገኙት በመሥሪያ ቤቶች ፋይል ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ኪው ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ኤች.ኦ. 344፣ የሠራተኛ ጉዳዩን ኤል.ኤ.ቢ. 8፣ የቅኝ ግዛቶች መሥሪያ ቤቱን ሲ.ኦ. 1028 ማየት ይቻላል። ብዙዎቹ በዲጂታል አልተቀዱም፤ ፋይሉ ሲከፈት ግን በኅዳጉ ላይ በእርሳስና በቀለም የተጻፉ የባለሥልጣናት አጫጭር አስተያየቶች ስላሉት ልፋቱን ይክሳል።

ሦስተኛው ጉድለት ከአገልግሎቱ አቅም በላይ ነው። በእነዚህ ሁሉ ሺህ ገጾች ውስጥ የተጓዘው ሰው አይናገርም። ቁጥር ሆኖ፣ «ችግር» ሆኖ፣ የመኖሪያ ቤት እጥረት ሆኖ ይመጣል። ከዊንድረሽ የወረዱት 230 ያህል ሰዎች ማረፊያ አጥተው በክላፓም ሳውዝ የምድር ውስጥ የጦርነት መጠለያ መቀመጣቸውን፣ ከዚያም የሚቀርባቸው የሥራ ማገናኛ ቢሮ ብሪክስተን የሚገኘው መሆኑን ወረቀቱ ይነግረናል፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፉ ግን አይነግረንም። የመንገደኞቹ መዝገብ ቢያንስ ስማቸውን ይዟል።

ስለዚሁ መዝገብ የቤተሰብ ታሪክ ለሚፈልጉ ሰዎች ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቢ.ቲ. 26 የሚሸፍነው ከ1878 እስከ 1960 ያለውን ብቻ ነው፤ በቤት ሆኖ ለማየት የደንበኝነት ክፍያ የሚጠይቁ ድረ ገጾችን መጠቀም ሲያስፈልግ፣ በኪው ባሉት ኮምፒውተሮች ግን በነፃ ይታያል። ከሕጉ በፊት ለመድረስ በ1961 እና በ1962 መጀመሪያ የተጣደፉት፣ ማለትም ከሁሉ የሚበዙት፣ ከዚህ መዝገብ ውጭ ናቸው። በሕግ የመጡ፣ ለአሥርት ዓመታት የሠሩና ግብር የከፈሉ ሰዎች በ2018 የዊንድረሽ ቅሌት በተባለው ጉዳይ በአገሪቱ የመኖር መብታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ የመግቢያ ካርዳቸው ሊረዳቸው ይችል ነበር፤ ያ ካርድ ግን በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እጅ የነበረ ሲሆን በ2010 ተወግዷል። እንዳይገቡ የመከሩባቸው ሚኒስትሮች ቃላት ግን አናባቢ ሳይቀር ተፈትተው፣ በታይፕ ተመትተው፣ በማንኛውም ሰዓት በነፃ ይወርዳሉ።

አገልግሎቱን ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛና ሰነድ ራሱ ሲናገር መስማት ለሚወድ አንባቢ ሁሉ እመክራለሁ። የንባብ ቅደም ተከተሉን በተመለከተ የእኔን ስሕተት አትድገሙ፤ እኔ የጀመርሁት የሚያጓጓውን የጸሐፊውን የእጅ ማስታወሻ አስቀድሜ ነበር፤ ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ምን እንደደበቀ ለማየት ሁሉንም እንደገና ማንበብ ግድ ሆነብኝ። መጀመሪያ ካብ 129፣ ቀጥሎ ካብ 128፣ መጨረሻ ካብ 195 ይሁን። የ1968ቱን፣ ማለትም ከኬንያ የሚመጡትን እስያውያን ለማገድ በጥቂት ቀናት ውስጥ የወጣውን ሕግ የሚመለከቱት ወረቀቶችም በተመሳሳይ መንገድ ይነበባሉ፤ የኮመንዌልዝ ጉዳዮች ሚኒስትሩ ጆርጅ ቶምሰን ሕጉ በመርሕ ደረጃ ስሕተት እንደሆነና የቀለም አድልዎ እንደሚሆን ለባልደረቦቻቸው በጽሑፍ ያስጠነቀቁት በዚያ ነው። እኔ በሚቀጥለው ጊዜ የምጀምረው ከዚያ ነው፤ ኪሴን አስቀድሜ ፈትሼ።